በዓሉ የሁሉም ይሁን፤ የሄደውም ሁሉ በደኅና ይመለስ

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ወገዳ ለመሠረተ ትምህርት የዘመትን ተማሪዎች ነን። አንድ ማታ በጥቁር ሰሌዳው ላይ «ጥምቀት» የሚለውን ቃል ጻፍንና «ይህን ቃል ስታነቡ ምን ትዝ ይላችኋል?» ብለን ጠየቅን።

አንዱ «ከበሮ» አለ። አንዷ «አዲስ ቀሚስ» አለች። ሌላው «ሎሚ» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን አልሳቁም። «እማማ፣ እርስዎስ?» አልናቸው።

«እኔማ ልጆቼ፣ ጥምቀትን በዓይኔ ካየሁ ሰባት ዓመቴ። እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ያን ቁልቁለት ማን ያውርደኝ? ሁሉም ሲሄድ እኔ ቤት ጠባቂ ነኝ። ከደጄ ተቀምጬ ከበሮውን እሰማለሁ» አሉ።

አንድ አባት ደግሞ ቀጠለ፤ «እኔስ አምና ትንሿን ልጄን በሰው መሀል አጥቼ፣ ልትጨፈለቅ ስትል ደርሼ ነው ያወጣኋት። ዘንድሮ እንጃ! አልወስዳትም።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በዚያ ማታ ምክንያት ነው። ሁለቱ ሰዎች የተናገሩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በዓሉ ወደ በዓሉ መሄድ ለማይችሉት ሰዎች አልደረሰም። ሁለተኛው፣ የሄዱትም ሰዎች ሥጋት አለባቸው። ሁለቱም ሊስተካከሉ ይችላሉ። እንዴት? እስቲ አብረን እንመልከት።

በጎንደር የደረሰው አደጋ

በወገዳም ሆነ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያም ሆነ በመካነ ኢየሱስ፣ ጥር 10 ቀን ከተራ ነው። ታቦት ወደ ውኃ ይወርዳል። ሕዝቡ ይከተላል። ካህናቱ ያሸበሽባሉ። ወጣቱ ከበሮ ይመታል፣ እስክስታ ይወርዳል። አዝማሪው መሰንቆውን ይገዘግዛል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለውም ሰው ሁሉ ያለውን ለብሶ የሚወጣበት ቀን ስለሆነ ነው።

ጥምቀት በዓለምም የታወቀ በዓል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ማለትም ዩኔስኮ፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ጥምቀትን በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በጎንደር ከተማ በፋሲል መዋኛ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተሰበሰበ። በውኃው ዙሪያ ለተመልካች ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ መቀመጫ ነበር። ብዙ ሰው በላዩ ሳለ መቀመጫው ተደረመሰ። ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። ከ100 በላይ የሚሆኑ ቆሰሉ። እነዚህ ሰዎች ጠላት አልመጣባቸውም። ለበዓል ነጭ ለብሰው የወጡ ሰዎች ነበሩ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ኀዘንተኛን ለማጽናናት ይህ መልካም ቃል ነው። ግን ለሚመጣው ዓመት አይረዳንም። የብዙዎቹን አደጋዎች ምክንያት ማወቅ ይቻላል። ምክንያቱ የታወቀን ነገር ደግሞ መከላከል ይቻላል።

ሰው በሰው ብዛት እንዴት ይሞታል?

ብዙ ሰው «በግፊያ የሞተ ሰው ተረግጦ ነው» ብሎ ያስባል። ተረግጦ የሚሞት አለ። ነገር ግን ብዙዎቹ የሚሞቱት ትንፋሽ አጥሯቸው ነው፤ እንደ ቆሙ የሚሞቱም አሉ። ሰው ሲተነፍስ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ከፊትም ከኋላም በሰው ከተጨፈለቀ ደረቱ መነሣት አይችልም። ስለዚህ አየር አይገባውም። ጥቂት ደቂቃ እንዲህ ከቆየ ይሞታል።

ይህን ለመረዳት ወደ በረታችሁ ሂዱ። ማታ ከብቶቹ በአንድ ጠባብ በር ሲገቡ ከኋላ ያለው በሬ ይገፋል። ከፊት ምን እንዳለ አያይም። ከአጥሩ ጋር የተጣበቀችው ጥጃ ግን ትጨነቃለች። በሬው ክፉ ሆኖ አይደለም። አላያትም። በበዓል ቀንም እንደዚሁ ነው። ከኋላ ያለው ሰው ታቦቱን ለማየት አንድ እርምጃ ይገፋል። የሺህ ሰው አንድ እርምጃ ተጠራቅሞ ከፊት ያለውን ሕፃን ይጨፈልቃል።

ስንት ሰው ሲሆን ነው አደጋ የሚሆነው? በመሬት ላይ በርዝመትም በወርድም ሁለት ክንድ የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩ። ይህ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል ነው። በውስጡ ሦስት ሰው ቢቆም ይንቀሳቀሳል። አራት ቢሆን ይጠባል። አምስትና ከዚያ በላይ ሲሆን አደገኛ ነው። ስድስትና ሰባት ሲደርስ ሰው በራሱ እግር መሄድ ያቆማል። እንደ ጎርፍ ውኃ ሕዝቡ ይወስደዋል። እኛ ይህን በክፍላችን ወለል ላይ ሥለን ሞከርነው። ስድስተኛው ሰው ሲገባ ሁሉም «ኧረ በቃ!» አለ። እናንተም ሞክሩት። ከዚያ በኋላ በበዓል ቦታ ስትቆሙ ዓይናችሁ ራሱ ይለካል።

በር፣ ቦይና ከበሮ

ከሌላ አገርና ከራሳችን አገር የደረሱ ሦስት አደጋዎችን እንናገር። ሦስቱም የሚያስተምሩት ነገር አለ።

አንደኛ፣ የበር ነገር ነው። በሐምሌ 2002 ዓ.ም. ዱይስቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ትልቅ የሙዚቃ በዓል ነበር። የሚገባውም የሚወጣውም ሕዝብ በአንድ መንገድ ነበር የሚተላለፈው። ሁለቱ ሲገናኙ ተጣበቁ። 21 ሰዎች ሞቱ። ጀርመን ሀብታም አገር ናት፤ ገንዘብና ፖሊስ አልጎደላትም። የጎደለው ሁለተኛ መንገድ ነው። ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወርደው መንገዳችን አንድ ብቻ ከሆነ እኛም እንደዚያው ነን። መውረጃው ለብቻ፣ መውጫው ለብቻ ይሁን። ሁለተኛ መንገድ ከሌለ ታቦቱ አልፎ እስኪያበቃ ድረስ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ይቆይ።

ሁለተኛ፣ የቦይ ነገር ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በእሬቻ በዓል ላይ ተቃውሞ ተነሣ። የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ተኮሱ። ሕዝቡ ደንግጦ ሸሸ። ብዙዎች በአቅራቢያው ከነበረ ጥልቅ ቦይ ውስጥ ገቡ። ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። በተሰበሰበ ሕዝብ መሀል የሚያስደነግጥ ነገር ማድረግ ሕይወት ያጠፋል። በበዓል ሜዳ አጠገብ ያለ ቦይና ገደልም አስቀድሞ መታጠር አለበት። የእኛ አገር ገደል የሚበዛበት አገር ነው። ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ የከበሮ ነገር ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሂዩስተን ከተማ፣ ብዙ ሺህ ወጣት በተሰበሰበበት የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ሰዎች ትንፋሽ አጥሯቸው መውደቅ ጀመሩ። ሙዚቃው ግን ቶሎ አልቆመም። 10 ሰዎች ሞቱ። ከነሱ አንዱ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚህ ከበሮ የሚመታው ሰው ምልክት ሲሰጠው ወዲያው ማቆም አለበት። ምልክቱ ሁለት ዓይነት ይሁን። ፊሽካ ይነፋ፤ ነጭ ነጠላም በረጅም እንጨት ከፍ ይበል። ፊሽካው ማየት ለተሳነው ነው። ነጠላው መስማት ለተሳነው ነው። በጭፈራ መሀል ላለው ሰውም ሁለቱም ይረዱታል።

በግፊያ መሀል ከተያዛችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አትግፉ፤ መልሶ መግፋት ግፊያውን ያብሰዋል። ሁለት እጃችሁን አጥፋችሁ ከደረታችሁ ፊት ያዙ። ለደረታችሁ ትንሽ ቦታ ይተርፈዋል። ልጅ ካላችሁ ከመሬት አንሡት። የወደቀ ጫማ ወይም ነጠላ ለማንሣት አታጎንብሱ። ግፊያው ላላ ሲል ወደ ጎን፣ ወደ ጎን እያላችሁ ውጡ። የወደቀ ሰው ካያችሁ ግን ጮኻችሁ አስነሡት።

ስለ ማማና ስለ ተኩስ

እናንተ ቤት ሠሪዎች ናችሁ። ምሰሶ በደንብ ካልተቀበረ፣ ማገሩ ካልጠበቀ ቤት እንደማይቆም ታውቃላችሁ። ለበዓል ተብሎ በችኮላ የሚሠራ ማማም እንደዚሁ ነው። ሰያፍ ደጋፊ እንጨት ከሌለው ወደ ጎን ይጋደማል። ደግሞም የተቀመጠ ሰውና የሚዘል ሰው አንድ አይደሉም። ሃያ ሰው በከበሮ ምት እኩል ሲዘል እንጨቱ የሚሸከመው ጭነት በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ማማ ከተሠራ ቤት መሥራት የሚያውቅ ሰው ይፈትሸው። ስንት ሰው እንደሚችል ይወሰን። ከዚያ በላይ የሚወጣ ይከልከል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማማ አለመሥራት ነው። አገራችን ተዳፋት የሞላበት ነው። ተዳፋት የማይደረመስ መቀመጫ ነው። ልጆችም ዛፍ ላይ ከሚወጡ ከተዳፋቱ ላይ ቢቀመጡ ይሻላል።

ስለ ተኩስ ስንናገር አንዳንዶች ቅር ይላችሁ ይሆናል። በአገራችን ጥይት መተኮስ የደስታና የክብር ምልክት ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት በሰማይ አይቀርም። ይወርዳል። ሲወርድ የሰው ራስ ቅል ለመብሳት የሚበቃ ኃይል ይኖረዋል። የሚወርድበትን ቦታ ተኳሹ አያውቅም። ደግሞም በአገራችን ሕዝቡ ብዙ ተኩስ ሰምቷል። የደስታ ተኩስ ይሁን የጠብ ተኩስ በምን ይለያል? ይደነግጣል፤ ይሮጣል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከላይ አንብባችኋል። ጀግንነት መሣሪያን ከቤት ትቶ መምጣት ነው። ጠላና አረቄም በልክ ይሁን።

ሎሚ ጥያቄ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም

በጥምቀት ወንዱ ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውራል። የቆየ ባህል ነው፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ሎሚ ጥያቄ ነው። ልጅቷ መልሱን የምትሰጠው በፈቃዷ ነው። ዝም ካለች ወይም ከሄደች መልሱ «አይሆንም» ማለት ነው። እጅ መጎተት፣ መተሻሸት፣ በማታ መንገድ ላይ መጠበቅ ባህል አይደለም፤ በደል ነው። ጠለፋም ወንጀል ነው። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ሴትን በኃይል የጠለፈ ሰው ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት በጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል።

ብዙ አባቶች ይህን ፈርተው ሴት ልጆቻቸውን ከበዓል ያስቀራሉ። በዳዩ እየጨፈረ ተበዳይዋ ቤት ትቀራለች ማለት ነው። ይህ ፍርድ ይሆናል? መከልከል ያለበት በዳዩ ነው። ሴቶች በቡድን ይሂዱ፣ በቡድን ይመለሱ። ከሥርዓት አስከባሪዎቹም መሀል ሴቶች ይኑሩ። አንዲት ልጅ ችግር ሲደርስባት ለሴት ብትናገር ይቀላታል።

ማን ቀርቷል? ለምንስ ቀረ?

አሁን ወደ እማማ እንመለስ። እግራቸው አልታዘዝ ስላለ ሰባት ዓመት ቀሩ። እንደ እሳቸው የቀሩ ሌሎችም አሉ። ማየት የተሳነው አለ። መስማት የተሳናት አለች። እርጉዝ አለች። አራስ አለች። ሽማግሌ አለ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛ እንደ ሌላው ሰው በባህል ሕይወት የመሳተፍ መብት አለው ይላል። ስለዚህ እማማን ወደ ጥምቀት ማድረስ ጽድቅ ብቻ አይደለም። መብታቸውም ነው።

ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከከተራ በፊት መንገዱ በዶማና በአካፋ ይስተካከል። በቅሎ ያለው ሰው መሄድ ለማይችል ጎረቤቱ ያውስ። ከፊት ለፊት ሜዳማ ቦታ በድንጋይ ታጥሮ ለደካሞች ይከለል። ማየት የተሳነውን አንድ ሰው ይምራው፤ የሚሆነውንም ይንገረው። ጥላ ያለው ቦታ፣ የሚጠጣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ጉድጓድ ይዘጋጅ። የጠፋ ልጅ የሚቆይበት አንድ ቦታ ይወሰን፤ ቦታውም አስቀድሞ ለሁሉም ይነገር።

ሌላም የቀረ አለ። እሱ ግን የቀረው እግሩ እምቢ ብሎት አይደለም። ሰው አርቆት ነው። ከተማሪዎቻችን አንዱ አዝማሪ ነው። «እኔ በማንኛውም ድግስ አለሁ። ስዘፍን ሁሉም ከብቦኝ ይስቃል። ማዕድ ሲቀርብ ግን ቦታዬ በሩ ሥር ነው» አለን። ቆዳ ፋቂውም፣ ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም ተመሳሳይ ነገር ይደርስባቸዋል። አንዳንዱ «ቡዳ ናቸው» ብሎ ልጁን ከነሱ ይደብቃል።

እስቲ እናስብ። ከበሮውን ያለበሰው ቆዳ ማን ፋቀው? ፋቂው። የመስቀሉንና የጌጡን ብረት ማን ቀጠቀጠው? ቀጥቃጩ። የጥምቀቱን ቀሚስ ማን ሸመነው? ሸማኔው። ጠላው የተጠመቀበትን ጋን ማን ሠራው? ሸክላ ሠሪዋ። እነዚህን ሰዎች ብናስወግድ ከበዓሉ ምን ይቀራል? በዓሉን የሠሩት ከበዓሉ መራቅ የለባቸውም። የልጅ ሕመም የሚመጣው ከተበከለ ውኃ፣ ከዝንብ፣ ከወባ ትንኝና ከመሳሰሉት ነው እንጂ ከጎረቤት ዓይን አይደለም።

አዝማሪም የተናቀ ሰው ሊሆን አይገባውም። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ገዥ የነበረው ግራዚያኒ እየዞሩ የሚዘፍኑ ሰዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዝዞ ነበር። ወራሪው የአዝማሪን ቃል ፈርቶታል። ጠላት የፈራውን ሰው እኛ በር ሥር ልናስቀምጠው አይገባም።

አሁኑኑ ምን እንሥራ?

አሁን ክረምት ነው። ጥምቀት አምስት ወር ይቀረዋል። ጊዜ አለን። በየቀበሌው ካህናት፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ወጣቶች፣ አካል ጉዳተኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያሉበት ኮሚቴ ይቋቋም። የሌላ እምነት ጎረቤቶችም ቢጋበዙ መልካም ነው፤ መንገዱም ሜዳውም የጋራ ነውና። ኮሚቴው ቦታውን በእግሩ ዞሮ ይመልከት። መግቢያውን፣ መውጫውን፣ ቦዩንና ገደሉን ይለይ። የቆሰለ ሰው በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚሸከመው ይወስን። ይህን ሁሉ በወረቀት ይጻፍ። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

በእኛ ክፍል ሥራው ተጀምሯል። በዚያ ማታ አንድ ገበሬ ተነሥቶ «እማማን እኔ በበቅሎዬ አደርሳቸዋለሁ» አለ። ስማቸውን በደብተሩ ላይ በገዛ እጁ ጻፈ። እማማም «በቅሎህ ደንባራ እንዳትሆን!» አሉት፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ። የልጅቷ አባት ግን ገና አልወሰነም። «መውጫው መንገድ ተሠርቶ ልየውና» ብሏል። እውነት አለው። ልጁን ይዞ እንዲመጣ የሚያደርገው ምክራችን ሳይሆን መንገዱ ነው።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ፤ ቀሚስ ይተካል። የለበሰችው ልጅ ግን ማታ በደኅና ወደ ቤቷ መመለስ አለባት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሰው በግፊያ መሀል ትንፋሽ የሚያጥረው ለምንድን ነው? በራሳችሁ አባባል ተናገሩ።
2. ወደ ጥምቀተ ባሕራችሁ ስንት መንገድ አለ? መግቢያውና መውጫው ይለያያሉ?
3. በሠፈራችሁ ባለፈው ዓመት ወደ በዓሉ ያልሄዱትን ሰዎች ስም ጻፉ። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ ያልሄደበትን ምክንያት ጻፉ። ከምክንያቶቹ ውስጥ የትኛውን እናንተ ልታስወግዱ ትችላላችሁ?